መልኩ ወደ ዱር፣ አካሉ ወደ ከተማ፦ የመለስተኛ ክሮስኦቨር መኪና የእድሳት ታሪክ

ክሮስኦቨር የሚባለው የመኪና ዓይነት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመና ለጭቃና ለድንጋያማ መንገድ የተሠራ የሚመስል፣ ከሥሩ ሲታይ ግን አሠራሩን ከከተማ አውቶሞቢል የወረሰ ተሽከርካሪ ነው። ከዚህ ወገን መለስተኛ ተብሎ የሚመደበው፣ ርዝመቱ ከአራት ሜትር ተኩል ብዙ የማይርቅና አምስት ሰው የሚይዘው ዓይነት፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ዝቅ ያለውን የቤት አውቶሞቢል ከገበያ እየገፋ በዓለም በብዛት ከሚሸጡት መኪኖች ተርታ ገብቷል። የዚህን ለውጥ ሂደት ለመመርመር ከሁሉ የሚመቸው ናሙና የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ራቭ ፎር ነው፤ ከ1994 ጀምሮ ሳያቋርጥ በስድስት ትውልድ የተሠራ በመሆኑ፣ በየእድሳቱ የተጨመረለትና የተቀነሰለት ነገር የራሱን ብቻ ሳይሆን የዘርፉን ጠቅላላ አቅጣጫ ያሳያል። ያም አቅጣጫ በአጭሩ ሲገለጽ፣ መኪናው በታደሰ ቁጥር መልኩ ወደ ዱር፣ አካሉ ደግሞ ወደ ከተማ መሄዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከክሮስኦቨር በፊት የነበረው አገር አቋራጭ መኪና ምንጩ ወታደራዊ ነው። ከ1941 ጀምሮ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዛት የተመረተው የአሜሪካ ጂፕ፣ በ1948 የወጣው የእንግሊዝ ላንድሮቨር፣ እንዲሁም ውልደቱ ከ1951 የሚቆጠረው የቶዮታ ላንድክሩዘር ሁሉም በሻንሲ ላይ የተገነቡ ነበሩ። ሻንሲ ማለት በአግዳሚ ብረቶች የተያያዙ ሁለት ረጃጅም ተሸካሚ ብረቶች ሲሆኑ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የጎማዎቹ አክስል በእነርሱ ላይ ይታሰራሉ፤ ሰው የሚቀመጥበት አካል ደግሞ ተለይቶ ተሠርቶ ከላይ ይጫናል። ይህ አሠራር ከባድ ጭነትንና የመንገድ ጉድጓድን በመቋቋም ወደር ባይገኝለትም፣ መኪናውን ያከብደዋል፣ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፣ ነዳጅ ያስበላዋል፤ ከሥሩ የሚገኘው የባሌስትራ ድጋፍም በአስፋልት ላይ ተሳፋሪውን ያንገላታዋል። በአንጻሩ የከተማው አውቶሞቢል ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው በአንድነት ተበይደው ሸክሙን ራሳቸው ይችላሉ፤ ይህም ወጥ አካል ሊባል የሚችለው አሠራር መኪናውን ቀላልና የተረጋጋ ያደርገዋል።

ሁለቱን አሠራሮች ለማስታረቅ የተደረጉት ሙከራዎች ከራቭ ፎር ሃያ ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ሱባሩ በ1972 ሌዎኔ በተባለ ስቴሽን ዋገኑ ላይ በተለምዶ ፎር ዊል የሚባለውን፣ የሞተር ኃይል ወደ አራቱም ጎማ የሚደርስበትን አሠራር ገጠመ። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ በ1977 ማምረት የተጀመረው ላዳ ኒቫ ወጥ አካልን፣ የሞላ ድጋፍንና ዘወትር የሚሠራ ፎር ዊልን በአንድ ላይ ያዋሐደ ሲሆን፣ ዓላማው ለገጠር ነዋሪው ርካሽና ጠንካራ መጓጓዣ ማቅረብ ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው ማትራ ራንቾ በተቃራኒው መንገድ ሄደ፤ ከመንገድ ውጭ የሚሄድ የሚመስል ቁመናና ጥቁር የፕላስቲክ ልባስ ቢኖረውም የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ነበር። አሜሪካን ሞተርስ በ1980 ሞዴሉ ኢግል የተባለውን ከፍ ያለ ፎር ዊል አውቶሞቢል አቀረበ፤ ሱዙኪም በ1988 ኤስኩዶ ወይም ቪታራ የተባለውን ትንሽና የሚያምር፣ ሆኖም ገና በሻንሲ ላይ የተሠራ መኪና ለገበያ አወጣ። ከእነዚህ መካከል ኒቫ የአገር አቋራጩን ብቃት ሲወክል ራንቾ የአገር አቋራጩን መልክ ይወክላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የክሮስኦቨር ታሪክ በሁለቱ መካከል የተደረገ ጉዞ ነው።

ቶዮታ በ1989 በቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ ራቭ ፎር የሚል ስም የያዘ የሙከራ መኪና አሳየ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በ1994 የመጀመሪያውን ትውልድ ለሽያጭ አቀረበ። ይህ መኪና በር ያለው በሁለት ጎኑ አንድ አንድ ሲሆን፣ ሦስተኛው የኋላው በር ነበር፤ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱም ከ1.7 ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ 2,000 ሲሲ የቤንዚን ሞተሩ በጃፓን ሞዴሉ 135 የፈረስ ጉልበት ያመነጭ ነበር። መጠኑ በዘፈቀደ የተወሰነ አልነበረም፤ በጃፓን ሕግ ስፋቱ ከ1.7 ሜትር፣ የቤንዚን ሞተሩ ደግሞ ከ2,000 ሲሲ የማያልፍ መኪና በአነስተኛው መደብ ስለሚመዘገብ፣ መሐንዲሶቹ ለአገር ውስጥ ገዢ ሲሉ በዚህ ወሰን ውስጥ መቆየት ነበረባቸው። የሥራው ዋና መሐንዲስ የነበሩት ማሳካትሱ ኖናካ የመረጡት መንገድ ከኮሮላና ከካሪና አውቶሞቢሎች የተገኙ ክፍሎችን በወጥ አካል ላይ መገጣጠም፣ አራቱንም ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በሚንቀሳቀሱ የሞላ ድጋፎች ማቆምና ዘወትር የሚሠራ ፎር ዊል መስጠት ነበር። በመካከለኛው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በሚፈቅደው የማርሽ ስብስብ ላይ፣ በካምቢዮ በሚነዳው ሞዴል ሾፌሩ በጭቃ ጊዜ የሚቆልፍበት ቁልፍ ተገጥሞለት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ራቭ ፎር የሚመስለውን ያህል ባይሆንም፣ ከሚመስለው ብዙም አይርቅም ነበር።

ገበያው መኪናውን ከተጠበቀው በላይ ተቀበለው። በ1994 ወደ 53,000 የሚጠጋ ተሽጦ፣ በሁለተኛው ዓመት እጥፍ ሆነ፤ በ1995 ባለ አምስት በሩ ሲጨመር ደግሞ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦችም በሩ ተከፈተ። ተፎካካሪዎቹ ለመከተል ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ሆንዳ በ1995 ከሲቪክ የተወለደውን ሲ አር ቪ፣ ሱባሩ በ1997 ከኢምፕሬዛ የተወለደውን ፎረስተር አወጡ። የኪያ ስፖርቴጅ ታሪክ ደግሞ የዘመኑን አቅጣጫ በግልጽ ያሳያል፤ በ1993 ሲወጣ በሻንሲ ላይ የተሠራ የነበረው ይህ መኪና በ2004 በተተካበት ጊዜ ሻንሲውን ትቶ በወጥ አካል መጣ። ወደ ክፍለ ዘመኑ መባቻ በዚህ መደብ ሻንሲ ልዩ ሆኖ ወጥ አካል ደንብ ሆኖ ነበር።

ራቭ ፎር በመጀመሪያው ትውልዱ ዘመን ሌላም ፈር ቀዷል፤ ይኸውም በ1997 የወጣው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራው ሞዴል ነው። ለመውጣቱ ምክንያት የሆነው የካሊፎርኒያ ግዛት አየር ጥራት መሥሪያ ቤት አምራቾች ጭስ አልባ መኪና እንዲያቀርቡ ያወጣው ግዴታ ነበር። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በሚባለው፣ ከሊቲየም ባትሪ በቀደመው የባትሪ ዓይነት የሚንቀሳቀሰው ይህ መኪና አንድ ጊዜ ተሞልቶ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። በመጀመሪያ ለድርጅቶች በኪራይ፣ በመጨረሻም ለግለሰቦች የቀረበ ቢሆንም፣ ግዴታው ሲላላ ምርቱ ተቋረጠ፤ በአሜሪካ የተከፋፈለውም ከ1,500 አልሞላም። ቶዮታ በ2012 ከቴስላ በተገዛ ሞተርና ባትሪ ሁለተኛ ሙከራ ቢያደርግም፣ ያም በ2014 አበቃ። ሁለቱም ሙከራዎች እንደሚያሳዩት፣ አዲስ የቴክኒክ ችሎታ ብቻውን መኪናን አያድስም፤ ሕግና ገበያ ካልደገፉት በሙከራነት ይቀራል።

በ2000 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ የመጀመሪያውን ቅርጽ እያለሰለሰና ውስጡን እያሰፋ የቀጠለ ሲሆን፣ ትልቁ ስብራት የተከሰተው በ2005 መጨረሻ በጃፓን በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ነው። በዚህ ትውልድ ባለ ሦስት በሩ ቀረ፤ ዘወትር የሚሠራው ፎር ዊልም ቀርቶ፣ መኪናው በመደበኛ ጉዞ በፊት ጎማዎቹ ብቻ እየተነዳ፣ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ወይም ኃይል ሲፈለግ ብቻ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ መያዣ ወደ ኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚልክበት አሠራር ተተካ። ነዳጅ የሚቆጥበው ይህ አሠራር ለዝናብና ለበረዶ በቂ ነው፤ ረጅም ጭቃን ለመሻገር ግን እንደ ቀድሞው አይታመንም። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ 3.5 ሊትር ይዘትና 269 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተጨመረለት፤ ይህም ጉልበት ለዳገትና ለጭቃ ሳይሆን ለአውራ ጎዳና ፍጥነት የታሰበ መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም።

በእነዚህ ሦስት ትውልዶች ሁሉ ስኮርት የሚባለው ትርፍ ጎማ በኋላው በር ላይ ተሰቅሎ መቆየቱ የአገር አቋራጩ ዘር ምልክት ነበር። የጎማው ክብደት በሩ ወደ ላይ እንዲነሣ ስለማይፈቅድ፣ በሩ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ይከፈት ነበር፤ ማጠፊያውም በስተቀኝ ነበር። መኪናው በመንገዱ ግራ በሚነዳበት በጃፓን ይህ አደራረግ ለእግረኛው መንገድ የተመቸ ሲሆን፣ በመንገዱ ቀኝ በሚነዳባቸው እንደ አሜሪካና ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ግን የተከፈተው በር ከእግረኛው መንገድ ዕቃ ለሚጭነው ሰው እንቅፋት ይሆንበታል። በ2012 መጨረሻ በሎስ አንጀለስ የታየው አራተኛው ትውልድ ስኮርቱን ወደ ወለሉ ሥር አውርዶ በሩን ወደ ላይ የሚነሣ አደረገው፤ በዚህም ከኋላው ሲታይ የቀረው የመጨረሻው የጂፕ ምልክት ጠፋ።

ሆኖም የዱሩ መልክ ለምን እስከ መጨረሻው አልተተወም የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በገዢው ፍላጎት ብቻ አይደለም። በእርግጥ ከፍ ያለ ወንበር፣ በተለይም ለአረጋውያንና ሕፃን ለሚያሳፍሩ ወላጆች፣ ሳይጎነበሱ መግባትንና መንገዱን አሻግሮ ማየትን ይፈቅዳል። ነገር ግን የአሜሪካ ሕግም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1975 የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አውቶሞቢሎችንና ቀላል የጭነት መኪኖችን ለይቶ፣ ለኋለኞቹ የላላ ግብ ሰጠ። አንድ ክሮስኦቨር ፎር ዊል ሆኖ ከተዘረዘሩት አምስት የልክ መስፈርቶች አራቱን ካሟላ ከጭነት መኪኖቹ ወገን ይቆጠራል፤ ከመስፈርቶቹም አንዱ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ሌላው ደግሞ ከፊት ጎማው ሥር ተነሥቶ የፊት ፓራውልቱን የታችኛ ጠርዝ የሚነካው መስመር ከመሬት ጋር ቢያንስ የ28 ዲግሪ ማዕዘን እንዲፈጥር የሚጠይቅ ነው። ከ2011 ሞዴል ጀምሮ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱት መለስተኛ ክሮስኦቨሮች ከዚህ ጥቅም ስለወጡ፣ ፎር ዊሉና ከሥሩ የተቆረጠው ፓራውልት ለአምራቹ የሕግ ዋጋም ነበራቸው። በዚህ ምክንያት ሰዎች እንደ ወኔ ምልክት የሚያዩት የመኪና አፍንጫ በከፊል የመዝገብ ቤት ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እድሳት ሊታይ በማይችል ቦታም እንደሚደረግ፣ አንዳንዴም ጎደሎ ሆኖ እንደሚቀር የአራተኛው ትውልድ የግጭት ምርመራ ታሪክ ያስረዳል። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2012 አንድ አዲስ ፈተና ጀምሮ ነበር፤ ፈተናው መኪናው በሾፌሩ በኩል ባለው የፊት ጠርዙ ብቻ ከማይነቃነቅ መሰናክል ጋር እንዲጋጭ የሚያደርግ ሲሆን፣ ዋናው የፊት ብረት ከግጭቱ መስመር ውጭ ስለሚቀር ለብዙ መኪኖች ከባድ ነው። ራቭ ፎር በመጀመሪያ ደካማ የሚለውን ውጤት ቢያገኝም፣ አካሉ ተጠናክሮ በ2015 ሞዴሉ ጥሩ የሚለውን አገኘ። ተቋሙ በ2016 ተመሳሳዩን ፈተና በተሳፋሪው በኩል ሲሞክር ግን ማጠናከሪያው ለሾፌሩ ወገን ብቻ የተደረገ መሆኑ ታወቀ፤ በደረጃ ቢመደብ ኖሮ የተሳፋሪው ወገን ደካማ ይባል እንደነበር ተቋሙ አስታወቀ። ይህ ሁኔታ መኪና ሠሪ የሚፈተንበትን ብቻ የማሻሻል ዝንባሌ እንዳለው፣ ፈታኙም ሁልጊዜ አንድ እርምጃ መቅደም እንዳለበት አሳይቷል።

ያው አራተኛው ትውልድ በ2015 በተደረገለት መለስተኛ እድሳት ሌላ ለውጥ አስተናገደ። መለስተኛ እድሳት ማለት አምራቾች በሁለት ሙሉ ለውጦች መካከል የሚያደርጉት፣ አካሉን ሳይነኩ የፊት መብራቱን፣ ፓራውልቱንና የውስጥ ጌጡን የሚቀይሩበት ልማድ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ግን ከአዲሱ ፊት ጋር ሃይብሪድ የሚባለው፣ ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ የሚሠራው ሞተር ገባ። በሃይብሪዱ ፎር ዊል ከፊት ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ካርዳኖ የለም፤ የኋላ ጎማዎችን የሚያሽከረክረው ለብቻው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የፎር ዊል መለያ የነበረው ረጅም ብረት በሽቦ መተካቱ፣ ከሻንሲ መቅረት ቀጥሎ በዚህ የመኪና ዓይነት አካል ላይ የደረሰው ትልቁ ለውጥ ነው።

አምስተኛው ትውልድ በመጋቢት 2018 በኒው ዮርክ ሲታይ፣ መልክና አካል ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ተራርቀው ነበር። ከአራተኛው ለስላሳ ቅርጽ በኋላ ንድፍ አውጪዎቹ ወደ ማዕዘናዊ ቅርጽ ተመልሰው፣ የጎማ ቅስቶቹን ባለ ማዕዘን፣ ኮፈኑን ከፍ ያለና ጠፍጣፋ፣ የፊቱን መረብ እንደ ጭነት መኪና ሰፊ አደረጉት። ከሥሩ ግን ያረፈው ካምሪ ከተባለው ዝቅ ያለ የቤት አውቶሞቢል ጋር በሚጋራው መሠረት ላይ ነበር። ርዝመቱ 4.6 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.85 ሜትር በላይ ደርሶ፣ ከመጀመሪያው ባለ ሦስት በር ሞዴል በርዝመት በ90 ሴንቲ ሜትር ያህል በልጧል። ይህ ድብልቅ በገበያ አልከሰረም፤ ከአምስተኛው ትውልድ አስቀድሞ በ2017 በአሜሪካ ብቻ ከ400,000 በላይ የተሸጠው ራቭ ፎር፣ ከ1994 ወዲህ የተሸጠው ድምሩ በየካቲት 2020 አሥር ሚሊዮን ደረሰ፤ አምስተኛው ትውልድም የ2019–2020 የጃፓን የዓመቱ መኪና ሽልማትን ወሰደ።

በግንቦት 2025 ይፋ የሆነው ስድስተኛው ትውልድ የእድሳትን ትርጉም ራሱን ቀይሯል ማለት ይቻላል። መጠኑ ከቀደመው ብዙም አልተለየም፤ መሠረቱም የቀደመው ተከታይ ነው፤ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ሞተር ግን ሙሉ በሙሉ ቀርቶ፣ የቀረቡት ሃይብሪድና ከሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ብቻ ናቸው። የኋለኛው በኤሌክትሪክ ብቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ቶዮታ አስታውቋል፤ የመለኪያ ዘዴው ቢለያይም፣ ይህ ርቀት የ1997ቱ የኤሌክትሪክ ራቭ ፎር በጠቅላላው ይሄድ የነበረው ነው። ከዚህም ሌላ አሪን የተባለውን፣ ኩባንያው ያዘጋጀውን የመኪና ሶፍትዌር መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው ይህ መኪና ነው፤ አደጋን አስቀድሞ የሚያይ የፍሬን ሥርዓትና የድምፅ ትእዛዝ በእርሱ ላይ ይገነባሉ፤ መኪናው ከተሸጠ በኋላም ሊሻሻሉ ይችላሉ። ስለዚህ እድሳት ከእንግዲህ በአምስትና በሰባት ዓመት የሚጠበቅ የብረት ለውጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ መኪናው ባለቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሳለ የሚደረግለት ሥራ እየሆነ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ ምዕራፎች በቅደም ተከተል ሳይሆን ተደራርበው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ የራቭ ፎር ትውልዶች አብዛኞቹ ያገለገሉ ሆነው የገቡ ሲሆን፣ ከፍታቸው ለኮብልስቶንና ለተቆፋፈረ የሰፈር መንገድ፣ መጠናቸው ለጠባብ ግቢ ስለሚስማማ ለረጅም ጊዜ ተፈልገው ኖረዋል። በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ የጣለው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዓ.ም. ይህን መንገድ አጠበበው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ደግሞ ዘጋው። በምትኩ የተስፋፉት እንደ ቶዮታ ቢ ዜድ ፎር ኤክስ፣ ፎልክስዋገን አይ ዲ ፎርና የቢ ዋይ ዲ ሥራዎች ያሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ክሮስኦቨሮች ናቸው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ አየር የሚስብ ተራ የቤንዚን ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ በእንጦጦ ዳገት ጉልበቱን አያጣም። በአንጻሩ ከብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨሮች ወለል ሥር የተዘረጋው ባትሪ ከባድና ውድ ስለሆነ፣ ከመሬት ያለው ከፍታና የባትሪው ሽፋን ጥንካሬ ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት የሚያሻቸው ሆነዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የመለስተኛ ክሮስኦቨር መልክ ስለ አካሉ እውነቱን መናገር ካቆመ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ይህም በራሱ ነውር አይደለም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ባለቤት የሚሻው ምቾትን፣ ቦታንና የነዳጅ ቁጠባን እንጂ ወንዝ መሻገርን አይደለም፤ ይህንንም መኪናው በየትውልዱ እያሻሻለ ሰጥቷል። ስለዚህ ታድሶ የመጣ ሞዴል ሲመዘን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያረፈበት መሠረት የማን እንደሆነ፣ ኃይሉ በምን መንገድ ወደ የትኞቹ ጎማዎች እንደሚደርስ፣ በግጭት ፈተና ሁለቱም ወገኖቹ መፈተናቸውና ሶፍትዌሩ በሚነዳበት አገር አገልግሎት ማግኘቱ ነው። የፊት መብራቱ ቅርጽና የፓራውልቱ ግርማ የሚታዩት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።